ውሾቹ ዋቤን የተሻገሩበት ሌሊት

በወልቂጤና በቡታጅራ መካከል፣ ከዘቢዳር ተራራ ወዲህ፣ እንሰቱ ጥቅጥቅ ባለበት፣ ጀፎረ በሚባል አንድ ሰፊ የመንደር ጎዳና ዙሪያ እንስሳት ይኖሩ ነበር። የሰባት ቤት ጉራጌ ሽማግሌዎች የጆካ በሚባለው ሸንጓቸው እንደሚያደርጉት፣ እነሱም ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሁሉም በየተራው ሳይናገር ነገር አይቆርጡም። ውሾችን ለጥበቃ የሾመውም፣ ቆጮ የሚሰፍርላቸውም ይኸው ጉባኤ ነው።

አንድ ክረምት ጅብ በዛ። ጉባኤው ተጨንቆ "ውሾች አስፈላጊውን ሁሉ ያድርጉ" ብሎ ወሰነና ተበተነ። ውሾቹ በሌሊት የዋቤን ወንዝ ተሻገሩ። ወሬው ሲሰማ አለቃቸው "ማንም አልተሻገረም" አለ። ከሳምንት በኋላ እያነከሱ ተመለሱ።

የአንዱ ውሻ እናት ጉባኤው ፊት ቆመች። "ልጄ የት ነው?"

"እናቴ፣ ነገሩ ምስጢር ነው፤ ጅብ ጆሮ አለው" አላት አለቃው።

ሐሰት አልነበረም። ባለፈው ዓመት አውራ ዶሮ የመውጫቸውን ሰዓት ጮኾ ስላወጣው፣ ውሾቹ አድፍጦ የጠበቃቸው መንጋ አፍ ውስጥ ገብተዋል። ጉባኤው ይህን ስለሚያውቅ ዝም አለ።

እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ዝምታ ነው፤ እኛም ኖረንበታልና። በኅዳር 1999 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ በሶማሊያ እስላማዊ ፍርድ ቤቶች ኅብረት ላይ መንግሥት አስፈላጊውን ሕጋዊ እርምጃ ሁሉ እንዲወስድ ፈቀደ። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጦሩ ውጊያ ላይ መሆኑን በይፋ የተናገሩት ታኅሣሥ ላይ ነው። ጦሩ በጥር 2001 ጠቅልሎ ወጣ፤ ስንቱ እንደወደቀ ግን ሙሉ ቁጥሩ ለሕዝብ አልተነገረም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 55 ጦርነት የማወጅን፣ የመከላከያ ኃይል ድርጊት ሰብአዊ መብት ሲጥስም የማጣራትን ሥልጣን ለምክር ቤቱ ሰጥቶታል። በአንቀጽ 93 ደግሞ ለአስቸኳይ ጊዜ ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ እንዲቋቋም አዟል። ሥልጣኑ ተጽፎ ተቀምጧል፤ ያነሰን ደፍሮ የሚጠይቅ አፍ ነው።

ወደ ጀፎረው ልመለስ። ዝምታውን የሰበረችው እመት ኤሊ ናት።

"አለቃ፣ በየት በኩል እንደገባችሁ፣ በስንት ሰዓት፣ መንገዱን ማን እንዳሳያችሁ አልጠይቅዎትም፤ እሱ ተቀብሮ ይቅር። በማን ፈቃድ ተሻገራችሁ? ስንት ሆናችሁ ሄዳችሁ? ስንት ሆናችሁ ተመለሳችሁ? ደርሳችሁ የማንን ቤት ረገጣችሁ? ጅብ ይህን ቢሰማ ምን ያተርፍበታል? ጅብማ የገደለውን ቆጥሮታል፤ ያልቆጠርነው እኛ ነን።"

"ጉባኤ ጦር አያውቅም" አለ አለቃው።

እመት ፍየሊት ተነሣች። "ቆጮ መስፈር ግን እናውቃለን። መልሱ እስኪመጣ ስፍሩ ይቆያል።"

አያ በሬ ሰባት አድማጮች አስመረጠ። ከውሾች ጋር የሚበላ አልገባበትም፤ እነሱን የሚፈራም እንደዚሁ። አውራ ዶሮም ሳይመረጥ ቀረ፤ ቅር ቢለውም ትክክል ነበር። ሰባቱ የሰሙትን ላያወጡ ማሉ። አለቃው እያጉረመረመ ተከትሏቸው ጎጆ ገባ፣ በሩም ተዘጋ። ሌሊቱን ሙሉ ተናገረ።

ሲነጋ ኤሊ ወጣች። የመንገዱንና የሰዓቱን ነገር አላነሣችም። "አሥራ ሁለት ተሻግረዋል፣ ዘጠኝ ተመልሰዋል" ብላ የሦስቱን ስም አንድ በአንድ ጠራች። የዚያች እናት ልጅ ሁለተኛው ነበር። ቀጥላም፣ ከጅቦቹ ዋሻ አጠገብ የነበረች ሚዳቋ ሁለት ግልገሎቿ በግርግሩ እንደሞቱባት ተናገረች።

ጀፎረው ላይ ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጡ። እናትየዋ ቢያንስ የምትቀመጥበት ለቅሶ አገኘች። ለሚዳቋዋ ካሣ ተቆረጠላት። አንዳንዶች "ለማዶ እንስሳ?" ብለው ነበር፤ አያ በሬ "የላክናቸው እኛ ነን" አላቸው። ለውሾቹም የተያዘው ቆጮ ተሰፈረ።

በሚቀጥለው ወር ጅቦቹ እንደገና መጡ። በዚህ ጊዜ አለቃው ከመሻገሩ በፊት ሰባቱን አስጠራና በዝግ ጎጆ ውስጥ ሐሳቡን ነገራቸው፤ አሥራ አምስት ቀንም ጠየቀ። ፍየሊት ተከራክራ ስምንት ሰጠችው፤ ያ ካልበቃው ተመልሶ እንዲጠይቅ።