ከግብዓተ መሬቱ በፊት የተነበበ፦ የአቶ ኮሞዶር 64 አጭር የሕይወት ታሪክ

የቤት ኮምፒውተር የነበሩት አቶ ኮሞዶር 64 ከአባታቸው ከጃክ ትራሚየል ኩባንያና ከእናታቸው ከሞስ ቴክኖሎጂ የቺፕ ፋብሪካ በአሜሪካ፣ ፔንሲልቬንያ ተወለዱ። እ.ኤ.አ. በ1982 በ595 ዶላር ለገበያ ቀርበው ሚሊዮኖችን በየቤታቸው ሲያገለግሉ ኖሩ፤ ባደረባቸው የኃይል ማቀበያ ሕመም ደጋግመው ሲታከሙ ቆይተው፣ በ1994 ኩባንያቸው ሲከስር ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ለቀስተኛው በአብዛኛው የሚያለቅሰው ለሰማያዊው ስክሪንና ለድምፅ ቺፑ ዜማ ነው። ያ ትዝታ ነው፤ የልጅነቱ ማንኛውም ዕቃ ያስለቅሰዋል። እንባ የሚገባው ሌላ ጠባያቸው ነው። ሟች ሲበሩ ወዲያው 38911 ባይት ባዶ ቦታ እንዳላቸው ተናግረው፣ «ዝግጁ» ብለው ትእዛዝ ይጠብቁ ነበር። የይለፍ ቃል የለ፣ ማስታወቂያ የለ፤ ያለው ቤዚክ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ብቻ። «ፖክ 53280፣0» ብሎ የጻፈ ልጅ የስክሪኑ ጠርዝ ሲጠቁር ያያል፤ በአንድ መስመር የማሽኑ አዛዥ ሆነ ማለት ነው። ለፕሮግራም ጸሐፊዎች የታተመው መጽሐፋቸው ደግሞ የሆድ ዕቃቸውን የኤሌክትሪክ ንድፍ ሳይቀር ይዞ ነበር። የዛሬው ስልክ እንኳን ንድፉን ሊሰጥ፣ ባትሪውን ለመቀየር እንኳ ያስለምናል።

«ዘገምተኛ ነበሩ» ይባላል። ሐሰት አይደለም፤ ዲስክ ማንበቢያቸው በሴኮንድ 400 ባይት ገደማ ነበር የሚያቀብለው፣ ከካሴት የሚጫን ጨዋታማ ቡና አስፈልቶ ያስጠጣል። «ብዙው ሰው የተጫወተባቸው እንጂ ምን ጻፈባቸው?» የሚለውም እውነት አለው። ነገር ግን ጨዋታውን ከዲስክ ለመጫን ራሱ «ሎድ» ብሎ መጻፍ ግድ ነበር፤ ተጫዋቹ ሳያስበው በፕሮግራመሩ በር ይገባ ነበር። ከባዱ ሙግት ሦስተኛው ነው፦ ዛሬ ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ በነፃ ይገኛል፣ ከቤዚክም እጅግ ይሻላል። ይሻላል፣ ግን የሚያገኘው አስቀድሞ የፈለገው ሰው ነው። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ ለመማር የሚያመለክቱት ወጣቶች ቁጥርም ችሎታም መቀነሱ በዩኒቨርሲቲው የነበሩትን ኤበን አፕተንንና ባልደረቦቹን ያሳሰባቸው፣ በየቤቱ ያለው ማሽን ከሟች በብዙ ሺህ እጥፍ በፈጠነበት ዘመን ነበር። በ2012 ያወጡት ራስበሪ ፓይም ፈጣን ሳይሆን ርካሽ፣ ልጅ ቢያበላሸው ቤተሰብ የማይቆጣበት ሰሌዳ ነው። የሟች ወራሽ እሱ ነው ይባላል፤ ዛሬ ሲበራ ግን እንደ ማንኛውም ኮምፒውተር በትንንሽ ሥዕሎች የተሞላ ዴስክቶፕ ነው የሚያሳየው።