ዛንዚባር በመቂ በኩል

ፓስፖርት ድንበር ከማሻገሩ ሌላ ማንም የማያወራለት አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ እንደ ወንፊት ዘመድ ያጣራል። ቡና ላይ «ለዕረፍት ዛንዚባር ልንሄድ ነው» ብላችሁ አውሩ፤ የተቀመጠው ሁሉ «እሰይ፣ መልካም መንገድ!» ብሎ፣ ቢበዛ ሽቶ አዝዞ፣ ወደ ሲኒው ይመለሳል። «ለዕረፍት ዝዋይ ልንሄድ ነው» በሉ እስቲ። የመጀመሪያው ጥያቄ «መኪናው ስንት ሰው ይይዛል?» ነው።

እኔ ይህን ጥበብ ያገኘሁት በልጆቹ የመንፈቀ ዓመት ዕረፍት ነው። ዕቅዱ ዛንዚባር ነበር። ባለቤቴ ደሴቲቱን ሳትረግጣት አብጠርጥራ አውቃታለች። ከቦሌ በቀጥታ እንደሚበረር፣ ስቶን ታውን የሚሉት የአሮጌው ከተማ ጉራንጉር እንዴት እንደሚጠብ፣ ቅርንፉድ ሻይ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ዛፍ ላይ ምን እንደሚመስል፣ ፍሬዲ መርኩሪ በ1946 እ.ኤ.አ. እዚያ እንደተወለደ፣ ሁሉንም በቃሏ ትወጣዋለች። የልጆቹ ልብ ደግሞ የተሰቀለው ከከተማው ፊት ለፊት ባለችው ትንሽ ደሴት፣ እዚያ በሚኖሩት ግዙፍ ኤሊዎች ላይ ነው። ኤሊዎቹ በ1919 እ.ኤ.አ. ከሲሼልስ በስጦታ የመጡ ናቸው፤ አራት ሆነው መጥተው ወልደው ከብደዋል። ያለ ፓስፖርት መግባታቸውን ያስተዋልኩት በኋላ፣ ሆዴ ሲብሰኝ ነው።

«እዚያ የሚቸኩል ሰው የለም» ትላለች ባለቤቴ። «ፖሌ ፖሌ ነው የሚሉት፤ ሁሉ ነገር ቀስ ብሎ ነው።» ቀስታው ግን ዛንዚባር እስክንደርስ አልጠበቀንም፤ እዚሁ አዲስ አበባ ጀመረ።

የእኔና የባለቤቴ ፓስፖርት ጊዜው አልፎበታል፤ ልጆቹ ከነአካቴው የላቸውም። ቀጠሮ ያዝን፣ ጆሯችንን አሳይተን ፎቶ ተነሣን፣ አሻራ ሰጠን። ከዚያ ወዲያ የቀረው ሥራ የስልክ ነው፤ ሲደርስ መልእክት ይላካል ተባለ። ስልኬ ድምፅ ባሰማች ቁጥር ቤቱ ጸጥ ይላል፤ ትንሹ ልጄ የሚያኝከውን እንኳ ያቆማል። «ውድ ደንበኛችን» ይላል መልእክቱ። የኢንተርኔት ጥቅል ቅናሽ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያቺ «ውድ» የምትል ቃል ስትመጣ ደሜ መፍላት ጀመረ፤ እንደዚያ አክብሮ የሚጠራኝ ሌላ ሰው አለመኖሩ ደግሞ የባሰ ነው።

በአዲስ አበባ ጉዳይ የዘገየበት ሰው የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፤ «ሰው የለህም እንዴ?» ይህ ጥያቄ የሚያዋርደውን ያህል የሚያዋርድ ነገር አላውቅም። የሚስትህ ዘመዶች ፊት «ሰው የለኝም» ማለት ዕዳ አለብኝ ከማለት ይከፋል። ስልኬን አውጥቼ ስሞቹን ከሀ እስከ ፐ አየኋቸው። ጥርስ ሐኪም አለኝ፣ ጋራዥ ያለው ጓደኛ አለኝ፣ ዱቄት የሚያከፋፍል የአብሮ አደግ ወንድም አለኝ። ጥርሴ ታሞ፣ መኪናዬ ቆሞ፣ ዱቄት ቢያልቅብኝ ባለ ሰው ነኝ። ለፓስፖርት ግን ወላጅ አልባ ሆኜ ተገኘሁ።

ዕረፍቱ ሲቃረብ ባለቤቴ አንድ ምሽት ተነሥታ ውሳኔዋን አስታወቀች። «የምንፈልገው ደሴት ነው አይደል? ይቺ አገር ባሕር አጣች እንጂ ደሴት መች አነሳት?» እውነቷን ነው። ጣና ላይ ብቻ 37 ደሴት ይቆጠራል። እሱ ግን ለአጭር ዕረፍት ይርቃል። ዝዋይ፣ የዛሬዋ ባቱ፣ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ሐይቋም አምስት ደሴቶች አሉት፤ ቱሉ ጉዶ፣ ገሊላ፣ ደብረ ሲና፣ ጠደቻና ፉንዱሮ። ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው። ቪዛ የለ፣ ሻንጣ ማስመዘን የለ።

ወሬው እሑድ ቡና ላይ ወጣ። አማቴ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ዝዋይ? ደብረ ጽዮን ያለችበት?» አሉ። ባለቤቴ «አዎ እማዬ፣ ግን እኛ ለመዝናናት ነው» ብላ ሳትጨርስ፣ አማቴ በጣታቸው ቀን እየቆጠሩ ነበር። «ጥር 21 አስተርዮ ማርያም ናት። በእሷ ቀን እንገባለን።» እንገባለን! የባለቤቴ አጎት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ የሐይቅ አየር ለእግራቸው እንደሚስማማ ሐኪም ነግሯቸው እንደነበር ድንገት ትዝ አላቸው። የባለቤቴ ታላቅ እህት ልጆቿን ለማን ትታ ትቅር? የጎረቤታችን ልጅ እንኳ ከልጆቼ ጋር አንድ ክፍል ይማራል በሚል ምክንያት ተካተተ። የእኛዋ መኪና ቀርታ ዶልፊን ተከራየን።

የጭነቱን ነገር ባልናገር ደስ ይለኝ ነበር። ከእኛ ወገን፣ ለዛንዚባር ተብሎ ቀደም ሲል የተገዛ፦ የፀሐይ ክሬም፣ ሰፋፊ የሰሌን ባርኔጣ፣ የዋና ልብስ፣ ውኃ ውስጥ ዓሣ ማያ መነጽር፣ እንዲሁም የዘንባባ ሥዕል ያለበት የእኔ ቁምጣ። ከአማቴ ወገን፦ ጀበና፣ ከሰል፣ ሁለት ድስት፣ ድፎ ዳቦ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ለጠበል የሚሆን ቢጫ ጀሪካን፣ እንዲሁም አንዱ ጀሪካን ቢያፈስስ የሚተካ ሌላ ቢጫ ጀሪካን። ሾፌሩ ጣሪያው ላይ ሲያስር፣ ቤት እየለወጣችሁ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

መቂ ስንደርስ ጋሼ መኪና አስቆሙ። ሽንኩርት አይተዋል። ስንመለስ እንገዛለን አልናቸው፤ «ስንመለስ ይወደዳል» አሉና አንድ ጆንያ አስጫኑ። የሽንኩርት ዋጋ በሁለት ቀን ውስጥ ምን እንደሚያስወድደው ለማንም አልነገሩም። ግን በእንዲህ ያለ ነገር ከጋሼ ጋር ተከራክሮ የረታ የለም፤ ስለዚህ ቀሪውን መንገድ እግሬን ጆንያው ላይ ሰቅዬ ተጓዝኩ።

ዝዋይ የጀልባ ማቆሚያው ላይ የሚቀበላችሁ አባ ኮዳ ነው። ይህን ወፍ በቅርብ ያላየ ሰው ምንም አላየም። ቁመቱ የልጅ ያህል ነው፤ ራሱ ላይ ጠጉር ብጤ ቆጥቆጥ ብሎ ቀርቷል፤ አንገቱ ላይ ቀይ ከረጢት አንጠልጥሏል፤ ጀርባውን አጉብጦ፣ ጡረታውን ሊጠይቅ እንደመጣ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ከአንዱ ዓሣ አጥማጅ ወደ ሌላው በዝግታ ይመላለሳል። ዓሣ አጥማጁ ቆሮሶውን በቢላዋ ፊሌቶ እያወጣ አጥንቱን ሲወረውር፣ አባ ኮዳ ያንን ትልቅ ማንቁሩን ብቻ ይከፍታል። አይዘልም፣ አይሻማም። ልጆቼ ኤሊዎቹን እዚያው ረሷቸው።

ምሳ ሰዓት ነበርና ተቀመጥን። ዕለቱ ረቡዕ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ክርክር በእኛ ቤተሰብ ከዓሣው ቀድሞ ነው የሚቀርበው። ጋሼ ይበላል ባይ ናቸው፤ አማቴ የጋሼን አባት ስም ጠርተው እሳቸው እንኳ በልተውት እንደማያውቁ መሰከሩ። አስተናጋጁ ይህን ክርክር በየሳምንቱ ረቡዕና ዓርብ የሚሰማ መሆኑ ከፊቱ ያስታውቃል፤ ብዕሩን ጆሮው ላይ ሰክቶ ጠበቀ። በመጨረሻ ልጆቹ ለብለብ፣ ጋሼ ጉላሽ፣ አማቴ ሽሮ አዘዙ። እኔ በሁለቱ ወገን መካከል ስለተቀመጥኩ ሰላጣ በላሁ።

በማግስቱ ማለዳ ጀልባ ተሳፈርን። ቱሉ ጉዶ በሞተር ጀልባ ከአንድ ሰዓት በላይ ያስኬዳል። አማቴ በነጠላቸው ላይ ብርቱካናማ ላይፍ ጃኬት ደርበው፣ በዚያ ላይ መስቀላቸውን አውጥተው ከፊት ተቀመጡ። ባለ ጀልባው ወጣት «አይዟችሁ እማማ፣ ሐይቁ ጥልቅ አይደለም፤ ብዙው ቦታ ሁለት ሜትር ተኩል ቢሆን ነው» አላቸው። ጋሼ ረጅም ሰው ናቸው። ቀና ብለው ራሳቸውን ከለኩ በኋላ «ልዩነታችን ትንሽ ነው» ብለው ተረጋጉ።

ደሴቱ ተራራ ነው። ዳገቱን የደሴቱ ነዋሪዎች ዛዮች ከጥንት ጀምሮ በድንጋይ እርከን ከልለው ያርሱታል፤ ቤተ ክርስቲያኗ፣ የአማቴ ደብረ ጽዮን፣ ከላይ ናት። መኪና የለም፣ ጡሩምባ የለም። ሰዉ እርስ በርሱ የሚያወራው ዛይኛ ነው፤ ሾፌራችን የስልጤ ልጅ በመሆኑ እዚህም እዚያም ቃል እየለቀመ፣ ከመካከላችን ብቸኛው ምሁር ሆነ። ይህን ዕውቀቱን ወዲያው የዓሣ ዋጋ ለመጠየቅ ተጠቀመበት።

ዳገቱን ለመውጣት ስነሣ አማቴ ቁልቁል አዩኝ። ዓይናቸው ያረፈው ቁምጣዬ ላይ ነው። ሙቀት ነው እማማ፣ ልላቸው ነበር። ሳይናገሩ ከትከሻቸው ጋቢ አውርደው ከወገቤ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ጠቀለሉኝና ጫፉን በመርፌ ቁልፍ ያዙት። ዘንባባዎቼ ተሸፈኑ። ያንን ሁሉ እርከን በትንንሽ እርምጃ፣ እንደ አዲስ ሙሽራ ወጣሁት።

ከላይ አንድ አባት ታሪኩን ነገሩን። ዮዲት አክሱምን ባጠፋች ጊዜ ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ይዘው ተሰደው እዚህ ደሴት ላይ 70 ዓመት እንዳኖሯት ይተረካል፤ ከደሴቱ ሰው ብዙው የነዚያ ስደተኞች ዘር ነኝ ይላል። አማቴ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ጽዮን ራሷ 70 ዓመት ያረፈችበትን ቦታ ትተሽ ነው ዛንዚባር ያማረሽ?» ይህን ክርክር የሚረታ የጉዞ ወኪል ካለ ስልኩን ላኩልኝ።

ዋና አልተዋኘም። ትልቁ ልጄ መነጽሩን አጥልቆ ዳርቻው ላይ ሲቆም፣ ባለ ጀልባው ጉማሬ መኖሩን በትሕትና ነገረው። ጉማሬውን ከሩቅ ባየው ደስ እንደሚለው ልጄ ሲመልስለት ደግሞ ቢልሃርዚያም አለ አለው። ቢልሃርዚያ ከሩቅ አይታይም፤ ልጄ ተመለሰ።

ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሣ። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ላይ ጠዋት መስታወት የመሰለው ውኃ ከሰዓት ይቆጣል። ባለ ጀልባው ሰማዩን አየና ሞተሩን ነቅሎ አስቀመጠው፤ «እስኪበርድ ነው» አለ። መቼ? ትከሻውን ነቀነቀ። እኔ ከልማዴ ተነሥቼ የሚመለከተውን ሰው ለመፈለግ ግራ ቀኝ አየሁ። የሚመለከተው ሰው የለም። ነፋስ ነገ ተመለስ አይልም፣ ሰው አለህ ወይ አይልም፣ ውድ ደንበኛዬ አይልም። ስንት ወር በመጠበቅ ስንጨረጨር የኖርን ሰዎች፣ እዚያ ዛፍ ሥር ማንንም ሳንረግም ተዘረጋን። ጋሼ አንኮራፉ። ቡና ተፈላ። አንድ ዓሣ አጥማጅ ትኩስ ቆሮሶ አመጣ፤ ዕለቱ ሐሙስ ስለሆነ ክርክር አልነበረም።

የጋሼ ሽንኩርት ሰዓቷ የደረሰው ያኔ ነው። የመቂ ሽንኩርት ለዓይን አይመለስም፤ የባለቤቴ እህት ገና አንዱን ስትከፍል ማልቀስ ጀመረች። ባለቤቴ ተነሥታ ያንን የባሕር መነጽር ከልጇ ተቀበለች፣ አጠለቀችው፣ ላስቲኩን ከሹሩባዋ ኋላ አጠበቀችው፣ እና እንደ ወታደር ቁጭ ብላ የድስት ሙሉ ሽንኩርት አንድ ጠብታ እንባ ሳታፈስስ ከተፈች። በመነጽሩ መስታወት ውስጥ ዓይኖቿ የሁለት ሰው ያህል ሆነው ይታያሉ። የደሴቱ ልጆች ክብ ሠርተው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው ያዩአታል። ባርኔጣዋን አማቴ ደፍተውታል፤ ወስደውታል ብል ይሻላል፣ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ነፋሱ ሲበርድ ከመካከላችን ለመሄድ የቸኮለ አልነበረም፤ ባለ ጀልባው ሁለት ጊዜ ጠራን።

ከተመለስን በኋላ አማቴ አንድ ጥያቄ ይዘው ሰነበቱ። «ያ ዛንዚባር የምትሉት አገር ቤተ ክርስቲያን አለው?» ባለቤቴ አለው አለች፤ የድሮው የባሪያ ገበያ በነበረበት ቦታ ላይ እንግሊዞች የሠሩት ካቴድራል እንዳለ ነገረቻቸው። «የእኛ አይደለም» አሉ። ቢሆንም ያንኑ ሳምንት ነጠላቸውን ከጆሯቸው ኋላ መልሰው ፎቶ ተነሡ፤ ጋሼም ከጎናቸው። እኛ አሁንም የጥቅል ቅናሽ እየደረሰን ሳለ የእሳቸው ፓስፖርት ወጣ።

ባለቤቴ አላመነችም፤ አገላብጣ አየችው። «እማዬ፣ እንዴት ሆኖ?»

«ሰው የለኝም መሰለሽ?» አሉ አማቴ። ለካስ ያን ቀን ደብረ ጽዮን ላይ፣ እኛ ጉማሬ ስንፈልግ፣ ለፓስፖርት ብለው ጥላ ተስለው ኖሯል።

«ታዲያ ለእኛስ አብረው አልተሳሉልንም?»

አማቴ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «በቁምጣ መጥቶ?»