ሱፍ ለብሼ ሱፍ ስፈተፍት

ማክሰኞ ነው። ጾም የለም። ምሳ ሰዓት ደረሰ፤ ኮቴን ወንበር ላይ ሰቀልኩና ምሳ ዕቃዬን ከፈትኩ። አንዱ የሥራ ባልደረባዬ ከማዶ ጠረጴዛ፣ ጥብሱን እያላመጠ፣ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አንተ ሰውዬ፣ ጾም በሌለበት ሣር ትበላለህ፤ ላዩ ላይ ደግሞ የሞተ ፈረንጅ ልብስ ትለብሳለህ!»

እናንተ ዳር የቆማችሁ፣ ጠጋ በሉማ። ወንበር ሳቡ። ይሄ ልጅ በአንድ አፍ ሁለት ቦታ ነካኝ፤ ሆዴንም ትከሻዬንም። እንግዲህ መልሱን በየዓይነቱ ነው የማቀርብለት።

ከሟቹ እንጀምር። የትኛው ፈረንጅ ነው የሞተው? ቀብሩ ላይ ነበርክ? ለቅሶ ደርሰሃል? ፈረንጅ ቁም ሳጥኑ ሲሞላበት ያወጣዋል እንጂ እኔን ለማልበስ ብሎ አይሞትም። ደግሞ ሞቷል እንበል። ነፍሱን ይማር፤ ልብስ መምረጥ ያውቅ ነበር! ሰውዬው ሞቶ እንኳ ካንተ በልጦ ከለበሰ፣ ከሁለታችሁ ሟቹ ማነው?

«ያገለገለ ዕቃ አልነካም» አልክ። ጠዋት የመጣህበት ቪትስ አንተ ጋ ከመድረሱ በፊት ጃፓን ውስጥ ማንን ሲያመላልስ ነበር? የተከራየኸው ቤትስ? ካንተ በፊት ስንት ተከራይ ገብቶ ወጣበት? ኪስህ ውስጥ ያለችው መቶ ብርስ? ሥጋ ቤት ገብታለች፣ ታክሲ ተሳፍራለች፣ በስንቱ ምራቅ ተቆጥራለች። «ይቺ ያገለገለች ናት» ብለህ መልሰህ ታውቃለህ? ብሩ ሲሆን በስንት እጅ አልፎ መጣልኝ፤ ኮቱ ሲሆን በስንት እጅ አልፎ መጣብኝ!

የታላቅህን ሹራብ ለብሰህ ነው እኮ ፊደል የቆጠርከው። እጅጌው ሁለቴ ታጥፎልህ፣ ክርኑ ተጥፎልህ። ያኔ ስሙ ውርስ ነበር። ውርስ የነበረው ነገር መቼ ነው ውርደት የሆነው?

«እኔ ብራንድ ነው የምለብሰው» ይላል ደግሞ። እንዴታ! ብራንድ ገዝቶ ኪሱ ውስጥ ብር አንድ አልቀረም። እኔ ብራንዱንም ለብሻለሁ፣ ብር አንዱም አለችኝ።

እስቲ ሱሪውን እዩልኝ። ጉልበቱ የተቀደደ ጂንስ ነው፤ የገዛው በአዲስ ዋጋ ነው። ፋብሪካው አደበዘዘለት፣ ፈተገለት፣ ቀደደለት፣ ከዚያ «አዲስ» ብሎ ሸጠለት። ይሄ ሱሪ እንደ ፈረንጆቹ በ1873 አሜሪካ ውስጥ የፈጠራ መብት ሲወጣለት፣ የሠራተኛ ኪስ እንዳይተረተር በብረት ተመትቶ የተጠናከረ የሥራ ልብስ ነበር። ሰዎቹ እንዳይቀደድ ተጨነቁ፤ አንተ ለቀዳዳው ከፈልክ! እኔ አርጅቷል የተባለ ያላረጀ ለበስኩ፤ አንተ አዲስ የተባለ ያረጀ።

ጫማዬንም አየኸው መሰለኝ። አበበ ቢቂላ እንደ ፈረንጆቹ በ1960 ሮም ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲጨርስ እግሩ ላይ ምን ነበር? ምንም! የተሰጠው አዲስ ጫማ አልመች ብሎት በባዶ እግሩ ሮጦ ነው ዓለምን ያስከተለው። አዲስ ጫማ ሰው ቢያደርግ ኖሮ ያንተ ጫማ እስካሁን የት ባደረሰህ።

አሁን ኮቱን ላሳያችሁ፤ እሱን በቸልታ አላልፈውም። ያገኘሁት መርካቶ ነው። የሰልባጅ ቦንዳ የሚፈታ ቀን ማለዳ ካልደረስክ ምርጡ አይጠብቅህም። ማሰሪያው ሲቆረጥ የታመቀው ጨርቅ እንደ ቦካ ሊጥ ኩፍ ይላል። ሰው እጁን ይሰዳል። ሻጩ ክምሩ አናት ላይ ቆሞ «በ200! በ200! ምረጥ!» ይላል። እዚያ ቦታ የሚገዛው ዓይን አይደለም፤ ጣት ነው። ጣቴን ክምሩ ሥር ሰደድኩ። ናይለን። ናይለን። አሁንም ናይለን። ከዚያ ጣቴ ቆመ። ሱፍ!

ጎትቼ አወጣሁት። ጥቁር ግራጫ፣ ውስጡ ሙሉ ገበር። ገልብጬ ስፌቱን አየሁ። ወደ ፀሐይ ዘርግቼ ብል በልቶት እንደሆነ ፈለግኩ፤ አንዲት ቀዳዳ የለችም። ብብቱን አሸተትኩ፤ ብብት ሳያሸት የሚገዛ ገዢ ሳይሆን መንገደኛ ነው። ከእጅጌው አንድ ቁልፍ ጎድሏል። ወደ ውስጥ ስገልጠው ግን፣ ከገበሩ ጥግ ላይ አንዲት ትርፍ ቁልፍ ተሰፍታ ትጠብቀኛለች። ያቺን ቁልፍ እዚያ ያስቀመጠ ሰፊ፣ ለማያውቀው ሰው፣ አንድ ቀን ቁልፍ ሊጠፋበት ይችላል ብሎ የተጨነቀ ሰው ነው። እጁ ይባረክ።

«ስንት ነው?» አልኩት። «800።» «ስትጮህ በ200 አልነበር?» «ወንድሜ፣ 200ው ሸሚዙ ነው፤ ይሄ እኮ ኮት ነው!» እንደ ወንድማማች ተጨቃጭቀን፣ ሁለቴ ትቼው ሄጄ፣ ሁለቴ ጠርቶኝ፣ በ550 ተስማማን። የሰፈራችን ልብስ ሰፊ እጅጌውን ሁለት ጣት አሳጠረልኝ፤ ትርፏን ቁልፍ ከተደበቀችበት አውጥቶ ቦታዋ ላይ ሰፋት። ላውንደሪ ገባ፤ ነፋስ አገኘ፤ ተተኮሰ። ይኸው ትከሻዬ ላይ ልክክ ብሏል። አንተ «ኮተት» አልከው። ኮት ነው ወንድሜ! መሀሉ ላይ «ተ»ን የወሸቅክበት አንተ ነህ።

ልብሱ በቃ። አሁን ወደ ድስቱ!

«ጾም በሌለበት ማን ይጾማል?» አልከኝ። ሽሮ ለመብላት የቀን መቁጠሪያ ልግለጥ? ጾም የሥጋ መከልከያ ቀን ነው እንጂ የሽሮ መከልከያ ቀን አለ ያለህ ማነው? ደግሞ ሽሮን «የድሃ ወጥ» ስትል ሰምቼሃለሁ። ስሙን ልብ ብለህ ሰምተኸዋል? ሽሮ! ማንን ሽሮ? ሥጋን ከድስቱ ሽሮ ነዋ የነገሠው!

ቀጠልክና «አትክልት መብላት የፈረንጅ ፋሽን ነው» አልክ። የማን? ዐቢይ ጾም ብቻ 55 ቀን ነው። የነቢያት 43፣ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ ነነዌ 3፣ የሰኔው እንደየዓመቱ፣ ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ምርቃት። ይሄን ሁሉ ቀን ይሄ ሁሉ ጾመኛ ምን ሲበላ ኖረ? አየር? እናቶቻችን ሥጋና ቅቤ ከእጃቸው ሲወጣ እጃቸው ሥራ አልፈታም። ከሽምብራ አሳ አጠመዱ! የቀመሰ ያውቀዋል፦ የሽምብራው ዱቄት ተለውሶ፣ በአሳ ቅርጽ ተቆርጦ፣ ዘይት ውስጥ ተጠብሶ፣ ቁሌቱ ውስጥ ሲገባ። ባሕር ያላየ አሳ! እሾህ የሌለው አሳ! ዋሽንግተን ዲሲ ያሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ውስጥ ፈረንጁ ጎንበስ ብሎ በየዓይነቱ የሚጠቀልለው፣ ፋሽኑ ከእሱ ወደ እኛ ስለመጣ ይመስልሃል? አንተ የናቅከውን እሱ ተሰልፎ ይከፍልበታል።

ከፋሲካ ዶሮ ጋር ጠብ የለኝም፤ ይሄን እወቁልኝ። ጠቤ ከዚህ ሰውዬ ጋር ነው። ሥጋ ሥጋ ሲል የመሥሪያ ቤቱ ሥጋት ሆነ። ቁርጥ ይበላል፣ ቁርጡን አያውቅም። ክትፎ ይበላል፣ ነገሩ ሁሉ ለብለብ ነው። ዱለት ይበላል፣ ይኸው ቁጭ ብሎ በሰው ምሳ ላይ ይዶልታል!

አዚፋም ሠርቻለሁ፤ ክዳኑን ልክፈተው። ድፍን ምስር ተቀቅሎ፣ ሎሚ፣ ቃሪያ፣ ሽንኩርትና ሰናፍጭ ገብቶበት። ሰናፍጩ አፍንጫ ላይ ሲወጣ ዓይን ያስነባል፤ ከዚያ ደግሞ ሌላ ጉርሻ ያስመኛል። ድፍን ሆኖ የሚጣፍጥ ምስር ብቻ ነው፤ አንተ ድፍንነቱን ብቻ ወሰድክ፣ ጣዕሙን ለምስሩ ተውክለት።

«ጉልበት ያለው ሥጋ ላይ ነው» ትላለህ። ጥሬውን ማለትህ ነው? አያቶቻችን በየጊዜው ኮሶ የሚጠጡት ለምን ነበር? ጎመን አሟቸው? ከጥሬ ሥጋው ጋር የገባው ትል ነው ያን መራራ ያስጨለጣቸው! ሽሮ በልቶ ኮሶ የጠጣ አይተሃል? እስቲ እናንተ ፍረዱኝ። ጎመን በጤና የተባለው እንዲሁ አይደለም፤ ተረቱ ላይ ጥብስ በጤና የሚል የለም።

አሁን ተንጫጫ፤ አያችሁት? ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ! ቆይ፣ ሙቀጫውን ካነሣሁት አይቀር ምሳ ዕቃዬ ውስጥ ያለውን ልንገርህ። የሱፍ ፍትፍት ነው። እናቴ እንዳሳየችኝ አድርጌ ነው የሠራሁት። ትናንት ማታ ሱፉን ለቀምኩ፣ አጠብኩ፣ አመስኩ። ወቀጥኩት። ውሃ እያፈሰስኩ በጠበጥኩና አጠለልኩት። ነጭ ሆኖ፣ ወፈር ብሎ፣ ጎድጓዳው ሳህን ውስጥ ወረደ። ላም የለች፣ ጥጃ የለ፣ ወተት! ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጠብ፣ ቃሪያው ክትክት፣ ጨው፣ የሎሚ ጭማቂ። ከዚያ እንጀራውን ቆራርሼ ፈተፈትኩበት።

እንጀራው ደግሞ ያደረ ነው! ትኩሱ ውስጡ ይሟሟል፤ ያደረው ግን ሱፉን ጠጥቶም ቅርጹን አይለቅም። እናቴ ለሱፍ ፍትፍት ብላ የትናንቱን እንጀራ ከሌላው ለይታ ታስቀምጥ ነበር። «ትኩሱ ለእንግዳ፣ ያደረው ለሱፍ» ትለኝ ነበር። ቀዝቀዝ ብሎ ጉሮሮ ላይ ሲወርድ፣ በማክሰኞ ፀሐይ፣ ከዚህ ቢሮ አቧራ መሀል፣ እኔ ሌላ አገር ነኝ። አያችሁልኝ? ሱፍ ለብሼ ሱፍ እበላለሁ። አንዱን መርካቶ ገዛሁት፣ አንዱን ቤቴ ወቀጥኩት። ካንተ ውስጥም ውጭም የሚገጥም አንድ ነገር እስቲ ጥራልኝ!

አሁን የመጨረሻዋን ስማኝ፤ ጥብስህን ግን መጀመሪያ ዋጠው፣ እንዳያንቅህ። «ሣር ትበላለህ» ብለኸኛል። እሺ። በሬ ምን ይበላል? ሣር። አንተስ ምን ትበላለህ? በሬ። እንግዲያው ሣሩን መጀመሪያ ማን በላው? በሬው! ጋጠው፣ አመነዠከው፣ አራት ክፍል ባለው ጨጓራው አዞረው፣ እስኪበቃው ተጠቀመበት። ሲጨርስ አንተ በኪሎ ገዛኸው። ያ ጥብስ ሌላ ሰው ሳይሆን ሌላ እንስሳ የተገለገለበት ሣር ነው! እኔ የምበላው ከማሳ የመጣ አዲሱን ነው። ሰልባጅ የምለብሰው እኔ ነኝ፤ ሰልባጅ የምትበላው አንተ!

አጨብጭቡ እንጂ። ምን ትጠብቃላችሁ?

እሱም ሳቀ። ይሳቅ፤ ጥርሱ ያምራል፣ አፉ ነው እንጂ ያስቸገረን። ደግሞ እዩት፣ እጁ ቀስ እያለ ወደ ምሳ ዕቃዬ እየመጣ ነው። «እስቲ ያን ነጩን ነገር…» አለኝ። ነጩ ነገር ስም አለው፤ ሱፍ በል! በል ጎርስ። አንድ ጉርሻ ያጣላል፤ ሁለተኛዋንም ያዝ። አዚፋውንም። ቀስ፣ ሰናፍጭ አለበት አላልኩህም?

እንባውን ከጠረገ በኋላ ጆሮዬ ጋ ተጠግቶ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ቦንዳው መቼ ነው የሚፈታው?»

ቁርጡን ልንገርህ፦ ቅዳሜ፣ 12 ሰዓት ተኩል፣ ጠዋት። ግን ቁርጥ በልተህ እንዳትመጣ፤ በቅባት እጅ ሱፍ አይነካም። የሸሚዙን ክምር እለቅልሃለሁ። የኮቱን እኔ ነኝ የምዳብሰው።