ጭምቷ ገብስማ

ከሾላ ገበያ የገዛናት ገብስማ ቄብ ሰው አትወድም፤ ዶሮም አትወድም። ጥሬ ሲበተን ነባሮቹ ሦስቱ እየተጋፉ ይመጣሉ፤ እሷ ከውሃ በርሜሉ ጀርባ አንገቷን ብቅ ታደርግና ትመለሳለች። በአንድ ግቢ ብዙ አባወራ ስለሆንን ምርመራው ቶሎ ተጠናቀቀ። አከራያችን እትዬ አስካለ «ምን ትሆናለች? ጭምት ናት! የጨዋ ቤት ዶሮ እንዲህ ናት» አሉ። የጨዋ ቤት ዶሮ ሾላ ምን ልትሠራ ወጣች ብዬ አልጠየቅሁም፤ ኪራይ የሚጨምሩት እሳቸው ናቸው። ዘበኛው «ዓይን ነው» ብሎ ጤና አዳም እንድናስርላት መከረ። ባለቤቴ ግን ትኩር ብላ ስታያት ቆየችና ወደ እኔ ዞራ «ቁርጥ አንተን! ሠርግ በተጠራን ቁጥር ከድንኳን ምሰሶ ጀርባ የምትቀመጠው ማነው?» አለችኝ።

ከዚህ ወዲያ ነገሩ የቤተሰብ ጉዳይ ሆነ።

ዶሮ ሕመሟን ደባቂ ናት። መድከሟ ከታወቀ ጭላቱም ሸለምጥማጡም፣ የገዛ ጓደኞቿም አይምሯትምና እስኪያቅታት ድረስ ደህና መስላ ትውላለች። ስለዚህ ጥግ ይዛ የምትቆም ዶሮ ካየህ ባሕርይዋን ከማድነቅህ በፊት ፈንግልን ጠርጥር። ኩክኔዋን አየሁ፤ ደህና ቀልቷል። ኩሷንም፣ የቢሮ ልብሴን እንደለበስኩ ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ አረንጓዴ አይደለም። አንገቷ አልተጠማዘዘም፣ ትንፋሽም አያጥራትም። ቀን በቆጥ ስንጥቅ ተደብቆ ሌሊት ወጥቶ ደም የሚመጥ ቅንቅን ስላለ፣ ማታ ባትሪ ይዤ ቆጡ ሥር ገባሁ። ያገኘሁት «አንተ ልጅ፣ በዚህ ሌሊት ምን ትሠራለህ?» የሚል የእትዬ አስካለን ድምፅ ብቻ ነው።

ላባ እየቀየረች ይሆን? ላባ የምትቀይር ዶሮ አዲሱ ሲበቅል መነካት ያማታልና ሰው ትሸሻለች፤ የኛዋ ግን ገና ቄብ ናት፣ አንድም ላባ አልረገፈባት። መታቀፍ አምሯት ይሆን እንዳልል፣ እንቁላል መጣል እንኳ አልጀመረችም። ደግሞ ልታቅፍ የተነሳች ዶሮ ጎጆዋ ላይ ተዘርግታ የቀረባትን ሁሉ ትቆጣለች እንጂ በርሜል ለበርሜል አትንከራተትም። ያንን አመል ለማስተው በገጠር ውሃ ይነክሯታል፣ ቁልቁል ያንጠለጥሏታል፣ ወይም ለጥቂት ቀን ጎረቤት ይወስዷታል። በኔ ግምት የመጨረሻው ይበቃል፤ እትዬ አስካለ ቤት የከረመ ፍጡር አመሉን ሁሉ ይተዋል።

ነገሩን የፈታልኝ አንድ ኖርዌያዊ ነው። ቶርሌይፍ ሼልደሩፕ-ኤበ የሚባል፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ዶሮዎች ሲነቋቆሩ ሲከታተል ያደገ ሰው፣ የታዘበውን እ.ኤ.አ. በ1922 በጀርመንኛ አሳተመ። እንደ እሱ አባባል እያንዳንዷ ዶሮ ማንን እንደምትነቁር፣ ማን ስትነቁራት ደግሞ ዝም እንደምትል ጠንቅቃ ታውቃለች። የበላይዋ ሁሉንም ትነቁራለች፤ የመጨረሻዋ ማንንም አትነቁርም። አዲስ መጪ ስትገባ ቦታዋ እስኪታወቅ ድረስ መከራዋን ታያለች።

እሑድ ወንበር አውጥቼ ስቆጥር ዋልኩ። ወሰራዋ ቀይዋን ትነቁራለች፣ ቀይዋ ነጯን፣ ነጯ ገብስማዋን። ከሁሉ የከፋችው ነጯ ናት፤ ከላይ የተቀበለችውን የምታወርድባት አንዲት የበታች ብቻ ናት ያለቻት። ገብስማዋ እንግዲህ ከበርሜሉ ጀርባ ሆና ሒሳብ ትሠራለች፦ ማን ጠገበች? ማን ዞረች? ከጥሬው እስከ በርሜሉ ስንት እርምጃ ነው?

መድኃኒቱ ቀላል ነበር። ከቤቱ ጥግ ዞር ብሎ፣ ጥሬ ከሚበተንበት በማይታይ ቦታ አንድ ሳህን አኖርኩ፤ ወሰራዋ የቱንም ያህል ብትኮራ በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ ቆማ መጠበቅ አትችልም። በርሜሉንም ካለበት አላነሳሁም፤ የሚነቆር ሰው መሸሸጊያ ያስፈልገዋል። ባለቤቴ ሳህኑን አይታ «እኔ እናትህ ቤት ስገባ ማን ለብቻ አቀረበልኝ?» አለች። መልስ አልሰጠሁም።

ገብስማዋ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከጥግ ወደ መሀል ግቢ መውጣት ጀመረች፤ ሰው ሲመጣ ግን ያው በርሜሏ ጋ ናት። እንዲህ እያለች ፋሲካ ደረሰ። ባለቤቴ «አንዷን ያዝ» አለችኝና ጥሬ በትኜ ጎንበስ አልኩ። ወሰራዋ ማዕረጓ የሚያዛትን አደረገች፤ ሁሉንም ገፍትራ፣ ቀድማ እጄ ሥር ደረሰች። 12 ብልት ወጣት።

ከበዓሉ ማግስት ጀምሮ ቀይዋና ነጯ ለባዶው ወንበር ይቧቀሳሉ። ጥሬ ሲበተንም ዓይን ለዓይን ተፋጠው ይቆማሉ እንጂ አይበሉም። ገብስማዋ በዚያ መሀል ጥሬውንም ሳህኑንም ታዳርሳለች። መወፈር ጀምራለች፤ ይህን ለባለቤቴ ገና አልነገርኳትም።