ቡና ላንጋኖ ወረደ

የአክስቴ ልጅ ሰሎሞን ከሜሪላንድ ሊመጣ ነው ሲባል ቤተ ዘመዱ የጠበቀው የተለመደውን ነበር፤ ሽቶ፣ ቪታሚን፣ «አማርኛ ይሰማሉ ግን አይመልሱም» የሚባሉ ሁለት ልጆች። ሁሉም እንደተጠበቀው መጣ። ከሁሉም በኋላ ግን በቦሌ መውጫ በኩል አንድ የፕላስቲክ ሳጥን በጋሪ እየተገፋ ብቅ አለ። በፍርግርጉ ውስጥ ጆሮው የተንጠለጠለ ቡናማ ውሻ ተቀምጦ አዲስ አበባን ያሸታል። ስሙም ቡና ነው። እትዬ አበበች ልጃቸውን ስመው፣ የልጅ ልጆቻቸውን ስመው፣ ሳጥኑ ጋ ሲደርሱ ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

«ይኸስ የማን ነው?»

«የኛ ነው እማዬ። ቤተሰብ ነው።»

«በማን በኩል?»

ለጥያቄው መልስ ሳይገኝ ጥምቀት አለፈ፤ ሐሙስ ጠዋት ላንጋኖ ልንወርድ ተነሣን። መኪናውን የምነዳው እኔ ነኝ። እትዬ ከፊት፣ ሰሎሞንና ልጆቹ ከኋላ፣ ቡና ከልጆቹ መሃል። ከሞጆ እስከ መቂ ውሻው ጭንቅላቱን በመስኮት አውጥቶ ምላሱን ለነፋስ ሰጠ። ባቱ ላይ ለአሣ ስንቆም መኪናውን የከበቡት ልጆች ከእኛ ይልቅ ለእሱ ሰላምታ ሰጡ። ሰሎሞን እናቱን ለማለዘብ ታሪክ ጠቀሰ፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እንኳ ሉሉ የሚባል ትንሽ ውሻ ነበራቸው አለ።

«ጃንሆይ ውሻቸውን ይዘው ቢመጡ በር የሚዘጋባቸው ማን ነበር? አንተ ጃንሆይ ነህ?» አሉ እትዬ፣ ዐይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ።

እውነትም በር ተዘጋብን።

ላንጋኖ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ውሃው ደፍርሶ ቡናማ ነው፤ ግን ቢልሃርዝያ የለበትም ስለሚባል የከተማው ሰው ልጆቹን ሊያስዋኝ ወደዚያ ይወርዳል። እኛ ቦታ የያዝንበት ሪዞርት በር ላይ በቀይ ቀለም እንዲህ ተጽፏል፤ «ከውጭ ምግብና መጠጥ ይዞ መግባት ፈጽሞ ክልክል ነው። የቤት እንስሳት ይዞ መግባት ክልክል ነው።» «ፈጽሞ» የተባለው ለምግቡ ብቻ መሆኑን ልብ በሉልኝ። በሩን የሚጠብቁት ሁሉም አሥር አለቃ እያለ የሚጠራቸው፣ ዕድሜያቸው ከሃምሳ የዘለለ፣ ዱላቸውን ከብብታቸው የማያወጡ ሰው ናቸው። ወደ መኪናው ጎንበስ ብለው ቆጠሩን።

«ሰዎቹ ይግቡ። እሱ ይመለስ።»

«ወዴት?» አለ ሰሎሞን።

«ከመጣበት።»

የመጣው ከሜሪላንድ ነው። ሰሎሞን ይኸን ለማስረዳት አንድ ሰማያዊ ፎልደር አወጣ። ፎልደሩ የተዘጋጀው ለላንጋኖ አልነበረም፤ ለመመለሻው ነው። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ኢትዮጵያን የእብድ ውሻ በሽታ በብርቱ ከሚያሰጋባቸው አገሮች ተርታ መድቧታል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ከኦገስት 1 ቀን 2024 ጀምሮ እኛ ጋ ሰንብቶ የሚመለስ ውሻ ቢያንስ ስድስት ወር የሞላው፣ ቆዳው ሥር ማይክሮቺፕ የተቀበረለት መሆን አለበት። እዚያው አሜሪካ የተከተበ ከሆነም የክትባት ወረቀቱ ገና ከአገር ሳይወጣ በመንግሥት የእንስሳት ሐኪም መጽደቅ አለበት። ቡና ይኸን ሁሉ አሟልቷል።

አሥር አለቃ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ገለጡ፤ ማኅተሙን በአውራ ጣታቸው ዳበስ አደረጉ። «ይኸን ያህል ወረቀት የያዘ እንግዳ በዚህ በር ገብቶ አያውቅም» አሉ በአድናቆት። ቀጥለው የእኛን መታወቂያ ጠየቁ። የእኔ ጊዜው አልፎበታል። የእትዬ ሌላ ቦርሳ ውስጥ ቀርቷል። የሰሎሞንና የልጆቹ ፓስፖርት አዲስ አበባ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ሰነዱ የተሟላለት ከመኪናው ውስጥ ውሻው ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ተመለስ የተባለው ግን እሱ ነው።

«እነዚያስ?» ሰሎሞን በጥበቃ ቤቱ ጥላ ሥር የተጋደሙትን ሦስት ውሾች በጣቱ አሳየ።

«እነሱ ሠራተኞች ናቸው።»

ክርክሩ በዚህ ላይ እንዳለ አንድ ሚኒባስ ከኋላችን መጥቶ ጥሩምባ ነፋ። ጎኑ ላይ የአቅም ግንባታ ሥልጠና የሚል ባነር ተወጥሯል፤ ፖርቶ መጋላው ላይ እግሩ የታሰረ ሙክት ተጋድሞ ሐይቁን ይመለከታል። በመሥሪያ ቤቶቻችን አቅም በምን እንደሚገነባ ለማያውቅ ሰው በጉ በቂ ማብራሪያ ነበር።

አሥር አለቃ ሚዛናዊ ሰው ናቸውና በጉንም አስቆሙት። የቤት እንስሳ ነው፤ አይገባም። የሥልጠናው አስተባባሪ ዘሎ ወረደና «እንስሳ አይደለም፤ እራት ነው» ሲል ተከራከረ። እራት ከሆነ ደግሞ ከውጭ የመጣ ምግብ ነው፤ ያውም «ፈጽሞ» የተባለበት። አስተባባሪው ለአፍታ እንኳ አልተደናገጠም። «ገና ምግብ አልሆነም እኮ! ይኸው ይተነፍሳል!» አለ። በጉም እንደ ምስክር አንዴ ጮኸ። ሱፐርቫይዘር ተጠራ፤ ሱፐርቫይዘሩ ማናጀሩ ጋ ደወለ፤ ማናጀሩ ነገሩን በስልክ ቋጨው። የእርድ ይከፈላል፣ ቆዳው ለሪዞርቱ ይቀራል። በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ውጭ ታሳድራለች ይባላል፤ ይኸኛው ማንን ተማምኖ እንደሆነ እንጃ፣ እኛን ቁልቁል እያየ ገባ።

እትዬ አበበች እስከዚያች ሰዓት ከጥበቃው ወገን ነበሩ። ውሻ በሰው አልጋ አጠገብ እንዲያድር የሚፈልጉ ሴት አይደሉም። የበጉ መግባት ግን ከነከናቸው። መስኮቱን ዝቅ አደረጉ።

«ልጠይቅህ የኔ ልጅ። በጉ የገባው ስለሚታረድ ነው?»

«እንደሱ ነው እማማ።» (አሥር አለቃ ለእትዬ ልጅ መሆናቸውን ደስ ብሏቸው ተቀበሉ።)

«እንግዲያው የኛም እንዲገባ እንረደው?»

ከኋላ ወንበር እሪታ ተነሣ። ከቦሌ ጀምሮ አንዲት የአማርኛ ቃል ያልወጣቸው ሁለት ልጆች በአንድ አፍ «አይታረድም! ቡና አይታረድም!» እያሉ ውሻው አንገት ላይ ተጠመጠሙ። እትዬ ዞረው አዩአቸው። ዐይናቸው እንባ ሞላ። አያት ናቸው፤ የልጅ ልጆቻቸውን አፍ የፈታው ማን እንደሆነ ወዲያው ገባቸው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የውሻው ጠበቃ ሆኑ፤ አሥር አለቃም ከባድ ባላጋራ ገጠማቸው። የውሻውን ንጽሕና፣ የልጆቹን ድካም፣ የእሳቸውን ዕድሜ፣ የአገሪቱን የእንግዳ አቀባበል ሁሉ ጠቀሱ።

አሥር አለቃ አልመለሱም። ዱላቸውን በሩ ላይ አስደግፈው የግራ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰበሰቡ። ባታቸው ላይ ጥርስ በጥርስ የሚቆጠር የነጣ ጠባሳ አለ። ልጅ ሆነው ከብት ሲጠብቁ ነው። አባታቸው በጭነት መኪና አዲስ አበባ ድረስ ወስደዋቸው፣ ፓስተር በሚባለው ቦታ ሆዳቸው ላይ በየቀኑ መርፌ ተወጉ። «እኔን ደረሱልኝ። አብሮኝ የተነከሰው ያጎቴ ልጅ ጭረት ናት ብሎ ቀረ» አሉና ሱሪያቸውን መለሱ። የቀረው ልጅ ምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም።

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ከንክሻው በኋላ ቶሎ ከተከተቡ ግን ያመልጡታል። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታው በዓመት ወደ 59,000 ሰው እንደሚገድል ይገምታል፤ ሰው ላይ ከሚደርሰውም እስከ 99 በመቶው በውሻ የመጣ ነው። ሪዞርት የቤት እንስሳ ያስገባ አያስገባ በሚለው ሙግት እኔ «ያስገባ» ከሚሉት ወገን ነኝ። የአሥር አለቃን ባት ከቁም ነገር ሳይቆጥር «ውሻዬ አይነካም» የሚል ሰው ግን አብሮኝ እንዲሰለፍ አልፈልግም። አይነካም የሚባል ውሻ የነካው ሰው ስንቱ ነው።

ሰሎሞን አሜሪካ እንዲህ አይደለም ይላል። እውነቱን ነው፤ የእነሱም ግን የራሱ ጣጣ አለው። እዚያ አንድ ሆቴል አካል ጉዳተኛን ለመርዳት የሠለጠነ ውሻን አልቀበልም ማለት አይችልም፤ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ እንደ ሁኔታው ድንክ ፈረስም አለበት። ባለቤቱን የሚጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ለጉዳትህ የሚያስፈልግህ ነው ወይ፣ ምን እንዲሠራ ሠልጥኗል። ወረቀት አምጣ ማለት ክልክል ነው። በዚህ ቀዳዳ ሶፋ ላይ ከመተኛት በቀር ሙያ የሌለው ስንት ውሻ ቀይ ሰደርያ ለብሶ ገብቷል። አውሮፕላን ላይማ «መንፈሴን ያረጋጋልኛል» እየተባለ የሚሳፈረው እንስሳ ከመብዛቱ የተነሣ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2021 አየር መንገዶቹ እንዲህ ያለውን እንደ ረዳት እንስሳ የመቀበል ግዴታቸው ተነሣላቸው።

እኛ ጋ መጠየቅ ያለበት ያው እዚያ የተከለከለው ወረቀት ነው። የክትባት ካርዱን አሳይ፤ ገመዱን ያዝ፤ ከምግብ አዳራሹ ራቅ ያሉት ጎጆዎች ያንተ ናቸው፤ ዋጋው ይኸው። ውዱእ አድርጎ የወጣ ወይም በረንዳ ላይ ዳዊቱን የዘረጋ እንግዳ በማያውቀው ውሻ መላስ የለበትም፤ ለዚህ ደግሞ አንድ ሜትር ተኩል ገመድ ይበቃል። የሚመለስ ካለ ገመዱን መኪና ውስጥ የሚረሳው ባለቤት ይመለስ።

በመጨረሻ መፍትሔ ያመጡት ራሳቸው አሥር አለቃ ናቸው። ፎልደሩን እንደገና አገላብጠው፣ ውሻው ጎጆ ቤት ሳይገባ ጥበቃ ቤት፣ እሳቸው ጋ ታስሮ እንዲያድር ፈቀዱ። ሰሎሞን የውሻውን ፍራሽ፣ የውሃ ሳህን፣ ብርድ ልብስና ከአሜሪካ የመጣውን የታሸገ ምግብ ሊያስረክብ ጀመረ። አሥር አለቃ ፍራሹን አይተው የራሳቸውን አዩ፤ ምንም አላሉም።

ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ቡናን ከአጥሩ ወዲያ ይዘውት ወረዱ፤ እዚያ የአካባቢው ከብቶች ውሃ ሲጠጡ ማንም ደንብ አያነብላቸውም። ሐይቁ ውስጥ ሲገባ ቀለሙ ከውሃው ጋር ስለገጠመ አፍንጫው ብቻ ተንሳፎ ሲሄድ ይታይ ነበር። ማታ ግን ከጥበቃ ቤት ገመዱን አውልቆ የጥብሱን ሽታ እየተከተለ ምግብ አዳራሽ ገባ። ሠልጣኞቹ ወንበር ላይ ቆሙ። የግቢው ድመቶች ከየጠረጴዛው ሥር ተበተኑ፤ እነሱን ማን አስገባ ብሎ የጠየቀ የለም። ሰሎሞን እየሮጠ «ቡና! ቡና! ኧረ ቡና!» ሲል አስተናጋጁ ከወዲያ «እሺ ጋሼ፣ እየፈላ ነው!» አለው።

ሌሊት ጅብ ጮኸ። የሪዞርቱ ሦስት ሠራተኞች ተነሥተው መለሱለት። አሥር አለቃ ጠዋት እንደነገሩን ከሆነ የሜሪላንዱ አልጋ ሥር ገብቶ ካቦርታቸውን ነክሶ ነው ያነጋው። ንጋት ላይ ስንደርስ ግን ሁሉን ረስቶ የሙክቱን ቅልጥም በሁለት እጁ ይዞ ይግጣል። ሰሎሞን አማተበ። ውሻው ሆዱ ስስ ነው፤ በሐኪም ከታዘዘለት ሌላ አይበላም። ያ የታዘዘለት ምግብ የት ደረሰ ቢባል፣ ከማስረከቡ በፊት ግማሹ በረንዳችን ላይ ቀርቶ ኖሮ ጦጣዎች ከረጢቱን ቀደው ጣራ ላይ ተደርድረው እያጣጣሙት ነው። እንግዳ መቀበያው ጋ ስናመለክት፣ ሪዞርቱ በዱር እንስሳት ለሚደርስ ጉዳት ተጠያቂ እንዳልሆነ ተነገረን።

ሒሳብ ስንዘጋ ሌላ ጣጣ መጣ። ማናጀሩ ለውሻውም ይከፈል ብሏል፤ ሲስተሙ ውስጥ ግን ውሻ የሚባል መደብ የለም። ገንዘብ ያዧ «ተጨማሪ ሰው» ስትል የመታወቂያ ቁጥር ጠየቃት። «ሕፃን» ስትል ዕድሜ ጠየቃት። ሰሎሞን አራት ዓመቱ ነው ብሎ ዝም ቢል ነጻ ይወጣ ነበር፤ እሱ ግን «በሰው ዕድሜ ሲሰላ ወደ ሠላሳ ይጠጋል» አለ። በመጨረሻ «ተጨማሪ አልጋ» ተብሎ ተመዘገበ፤ 10 በመቶ የአገልግሎት፣ 15 በመቶ ቫት ተጨመረበት።

«የምን አልጋ?» እትዬ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱ። «እሱ እኮ ያደረው ሰውየው አልጋ ሥር ነው። ክፍያው የአሥር አለቃ ነው።»

ልጅቱ ሲስተሙ አንዴ ከተቀበለ እንደማይመልስ አስረዳች። ሴትዮዋ እንዳልተመለሱ ስታይ ድምጿን አለስልሳ፣ «ቁርስን ይጨምራል እኮ እማማ» አለች።

እትዬ አሰብ አደረጉ። ዕለቱ ዓርብ ነው።

«እንግዲያው ቁርሱን ጠቅልዪልን።»

ልጅቱ እስክሪብቶዋን አነሣች።

«የጾም ይሁን የፍስክ?»