ታይሰን በጉልበቱ ጊዜ

ስለ ከባድ ሚዛን ቦክስ መጨቃጨቅ አይሰለቸኝም። የሚያንገበግበኝ «ታይሰን በጉልበቱ ጊዜ ቢሆን ኖሮ» የምትለዋ ናት። ፍኖተ ሰላም አንዱ ሻይ ቤት ግቡና ኡሲክ ሪያድ ላይ ፊዩሪን በ2016ም በ2017ም በነጥብ ረታው በሉ። ዱላቸውን ጭናቸው ላይ ያጋደሙ አንድ ጋሼ ስኳራቸውን እያማሰሉ፣ «ኤዲያ! ታይሰን በጉልበቱ ጊዜ ቢሆን ኖሮ ሁለቱንም ባንድ ሌሊት...» ይላሉ። ኡሲክ ሐምሌ 2017 ዌምብሌይ ላይ ዱቧን በ5ኛው ዙር በዝረራ ጣለው ብትሉ ያችው ናት። ኢታውማ በ20 ዓመቱ ዲሊያን ዋይትን በአንደኛው ዙር ዘረረው፣ ነገ ቀበቶው የሱ ነው ብትሉም ያችው ናት። ባልተደረገ ግጥሚያ ማን ተሸንፎ ያውቃል?

እኚሁ ጋሼ ቡሬ ገበያ በሬ ሲገዙ ብታዩ! ከንፈሩን ገልጠው ጥርሱን ያያሉ። ሻኛውን ጨበጥ፣ የጎድኑን ቆዳ ቆንጠር ያደርጋሉ። ያስኬዱታል፤ ያስመልሱታል፤ ጎንበስ ብለው ኮቴውን ይመረምራሉ፤ ደግሞ ያስኬዱታል። ደላላው «ይህ በሬ እኮ ካቻምና ያን ሁሉ ማሳ...» ማለት ሲጀምር፣ «እንግዲያው ሂድና ካቻምና ሽጠው!» ብለው አፉን ያስይዙታል። በበሬ ላይ እንዲህ የበራ ዓይን ቦክስ ላይ ሲደርስ ምን ይጋርደዋል?

ይህንንስ እንደ ጨዋታ ባለፍኩት። ኅዳር 2017 ግን የ58 ዓመቱን ታይሰን እውነትም ቴክሳስ ላይ አወጡትና ከ27 ዓመቱ ጄክ ፖል ጋር አጋጠሙት። በጨጓራ ቁስለት ታሞ ግጥሚያው ከሐምሌ የተገፋለት ሰው ነው። ጉልበቱን ጠፍሮ፣ በ8 ዙር ያሳረፈው ቡጢ 18 ነው። እኛስ? ዋዜማውን «ይገድለዋል» ስንል አድረን፣ በነጋታው «ተሸጦ ነው» አልን! ሰው ያረጃል፣ ይደክማል ማለት ምን ይከብዳል? አንድ ሽማግሌ መሳቂያ ሲሆን አይተን፣ ያዘንነው ለሱ ሳይሆን ለከሸፈው ትንቢታችን ነው። ነውር ነው!

ብቻ ጋሼም አይፈረድባቸው። ጥቅምት 1967 አሊ ኪንሻሳ ላይ ፎርማንን በ8ኛው ዙር ሲጥል ጃንሆይ ከወረዱ ሁለት ወር አልሞላም፤ አገሩ የራሱ ቡጢ ነበረበት። ጀግናን በወሬ ያወቀ ሰው እርጅናውን ከየት ያያል? ደግሞ ያ የተዘረረው ፎርማን ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ45 ዓመቱ፣ ማይክል ሙረርን ዘርሮ ቀበቶውን መልሷል። ይህን ለጋሼ አልነገርኳቸውም፤ ከሰሙ አልችላቸውም።