ሐተታ በእንተ ደራሲተ ፍቅር

ሊቃውንት ስለ ነገሥታት ገድል፣ ስለ ከዋክብት አካሄድና ስለ ባሕረ ሐሳብ ብዙ ጽፈዋል፤ የፍቅር ልብ ወለድ የሚደርስ ሰው ከነግህ እስከ መንፈቀ ሌሊት ምን ሲሠራ እንደሚውል ግን፣ አንባቢው ሕዝብ ለአንድ መጽሐፍ ሁለትና ሦስት ዓመት አንገቱን አስግጎ እየጠበቀ ሳለ፣ መርምሮ የጻፈ አላገኘሁም። ይህንን ጉድለት ለመሙላት፣ አንዲት የታወቁ የፍቅር ደራሲ በምኖርበት ግቢ ውስጥ ተከራይተው ስለሚኖሩና የቡና ጎረቤቴም ስለ ሆኑ፣ ከመስከረም እስከ ግንቦት ድረስ በአቦል፣ በቶናና በበረካ ተመልክቼ የደረስኩበትን በትሕትና አቀርባለሁ።

አስቀድሞ ስሙን መፍታት ይገባል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮማ ላይ ያሳተሙት የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ «ልብ ወለድ ታሪክ» የሚል ስም ስለ ነበረው፣ ከእርሱ በኋላ የመጣው ዘር ሁሉ በዚያው ስም ሲጠራ ይኖራል። ከልብ የሚወለድ ከሆነ ደግሞ መፀነሱ፣ ወራት መግባቱና ማማጡ አይቀርም። ደራሲዋ መጽሐፉ የት ደረሰ ተብለው በተጠየቁ ቁጥር «ገና በሆዴ ነው» ብለው መመለሳቸው ከዚህ የመነጨ ነው፤ ነፍሰ ጡር ቴሌቪዥን እንዳታይ የሚከለክል ሥርዓት ደግሞ በፍትሐ ነገሥትም ቢሆን አላገኘሁም።

ቤተ ክርስቲያን የጸሎቱን ጊዜ ሰባት አድርጋ እንደ ከፈለችው፣ የደራሲዋም ቀን በሰባት ይከፈላል። በነግህ፣ ሌሊት በሕልማቸው የመጣላቸውን ታላቅ ሐሳብ ለመጻፍ ብዕር ይፈልጋሉ፤ ብዕሩ ሲገኝ ሐሳቡ ይጠፋል። በሠለስት ወረቀቱን ሊዘረጉ ሲሉ ጠረጴዛው አቧራ መያዙን ያዩና እርሱን ለመወልወል ተነሥተው ቤቱን በሙሉ ጠርገው፣ መጋረጃውን አጥበው ያሰጣሉ፤ በደራሲ ቤት የሚታይ ንጽሕና ሁሉ ያልተጻፈ ምዕራፍ መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል። በቀትር፣ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ለቀጠሮዋ ምን ዓይነት ቀሚስ እንደምትለብስ ለመቍረጥ ለእኅታቸው ስልክ ይደውላሉ፤ ወሬውም ከቀሚሱ ተነሥቶ፣ በአንዲት ዘመድ ፍቺ በኩል አልፎ፣ በጤፍ ዋጋ ያበቃል፤ ይህ «መረጃ ማሰባሰብ» ይባላል። በተሰዓት ቡና ይፈላል፤ እኔም እጠራለሁ። በሠርክ የመጀመሪያው ድራማ፣ በንዋም ሁለተኛው ይታያል፤ በመንፈቀ ሌሊት ደግሞ እንግዳ መጥቶ ያሳለፋቸው ክፍል በድጋሚ ሲቀርብ ይታያል። እንግዲህ ሰባቱ ሲደመሩ፣ ለመጻፍ ስምንተኛ ጊዜ እንደሚያስፈልግ ግልጽ ነው፤ እርሱ ከየት እንደሚመጣ ኋላ እንደርስበታለን።

ስለ ቴሌቪዥኑ ጥቂት እንበል። ቴሌቪዥን ወደ አገራችን የገባው በ1957 ዓ.ም. ሲሆን፣ ደራሲዋ በድራማ በኩል ትምህርታቸውን የጀመሩት በ«ገመና»፣ ያጠናቀቁት በ«ሰው ለሰው» እንደ ሆነ አጫውተውኛል፤ አበበ ባልቻ የተጫወተውን ያንን ክፉ አስናቀን ሲያነሡ፣ ሰምቶ እንዳይመጣ የፈሩ ይመስል፣ እስከ ዛሬ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ አገር ድራማዎችን በአማርኛ እያናገረ ብቅ ባለ ጊዜ የአገር ውስጥ የፊልም ባለሙያዎች ተቃውሞ አሰምተው ነበር። ደራሲዋም ተቃውሞውን በመርሕ እንደ ተቀበሉትና፣ የሚቃወሙትን ነገር ሳያውቁ መቃወም ነውር ስለ ሆነ፣ አንድም ክፍል ሳያልፋቸው እንደ ተመለከቱ ነግረውኛል።

ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት የቱርኩን ነው። የቱርክ ድራማ በአገሩ ሲታይ አንዱ ክፍል ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ወንዱ ወደ ልጅቱ አንድ እርምጃ ይጠጋል፤ የእርሱ ፊት ይታያል፤ የእርሷ ፊት ይታያል፤ የአባቷ ፊት ይታያል፤ ከበር ኋላ ቆማ የምታዳምጠው የአክስቷ ፊት ይታያል፤ ዜማው ከፍ ይላል፤ ክፍሉም ያልቃል። በዚህ ጊዜ ደራሲዋ እጃቸውን በደረታቸው ላይ አድርገው፣ «አዩልኝ ጋሼ፣ ድርሰት ማለት ይኼ ነው!» ይላሉ።

እውነታቸውን ነው። ከብዙ ማሰላሰል በኋላ የደረስኩበት ነገር፣ የፍቅር ልብ ወለድ የማዘግየት ጥበብ መሆኑን ነው፤ ሁለት ሰዎች በተያዩበት ሳምንት ቢጋቡ ሠርግ እንጂ መጽሐፍ አይወጣውምና። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን፣ ሞት ደጃፍ ላይ እስኪቆም ድረስ ለያይተው አቆይተዋል፤ ወጋየሁ ንጋቱም በሬዲዮ ሲተርከው፣ ሰሚው በየክፍሉ እያለቀሰ ለነገው ቀጠሮ ይይዝ ነበር። ፍቅረኞችን ማዘግየት ይህን ያህል ካስከበረ፣ መጽሐፉን ራሱን ከነፍቅረኞቹ የሚያዘገይ ሰው ወደ ላቀ ማዕረግ መድረሱን ማን ይክዳል?

ተቃዋሚ ቢነሣና የእንግሊዟን ባርባራ ካርትላንድን ቢጠቅስብኝ መልስ አለኝ። እኚህ ሴት በ1992 ዓ.ም. በ98 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ ከ700 በላይ መጻሕፍት አሳትመዋል፤ በአንድ ዓመት ብቻ 23 ልብ ወለድ ጽፈው በድንቃድንቅ መዝገብ ሰፍረዋል፤ ይህንንም ያደረጉት ሶፋ ላይ ጋደም ብለው እየተናገሩ ጸሐፊያቸው ስትጽፍላቸው ነው። የእኛም ደራሲ በሶፋው በኩል ከእርሳቸው ቅንጣት አያንሱም። ልዩነቱ በእንግሊዝ ደራሲዋ ሲናገሩ ሰው ይጽፋል፤ በእኛ ግቢ ቴሌቪዥኑ ሲናገር የሚጽፍ የለም።

ደራሲዋ በየቀኑ የሚናገሩትን አንድ ቃል በአባቶች ደንብ ልተርጉመው። ንባቡ «ዛሬ ትንሽ እጽፋለሁ» ይላል። ዛሬ፦ ይህ ቀን ነው፤ አንድም ይህ ሳምንት ነው፤ አንድም ድራማው የሚያልቅበት ቀን ነው፤ ድራማው ስላላለቀ ዛሬ ገና አልመጣም። ትንሽ፦ አንድ ምዕራፍ ነው፤ አንድም አንድ ገጽ ነው፤ አንድም ርእሱ ነው። እጽፋለሁ፦ አስባለሁ ሲሉ ነው፤ አንድም የጻፍኩትን አነባለሁ ሲሉ ነው፤ ቦ ዘይቤ፣ የጻፍኩትን እሰርዛለሁ ሲሉ ነው። ለነገሩ የሚስማማው የኋለኛው ነው።

ስምንተኛው ጊዜ የተገለጠልኝ በጥቅምት ነው። ለምርምሩ ስል በሠርክም መገኘት ጀምሬ ነበርና፣ አንድ ማታ የአክስቲቱ ፊት ሊታይ ሲል መብራት ሄደ። ደራሲዋ ያን ጊዜ የተናገሩትን ቃል ለትውልድ ማስተላለፍ አያስፈልግም። ከዚያ ግን ጧፍ አበሩ፤ ስልካቸውም ቀን መረጃ ሲሰበሰብበት ውሎ ባትሪው ስላለቀ፣ በዓለም ላይ የቀረ ሌላ ሥራ ስላልነበረ፣ ወረቀቱን ስበው መጻፍ ጀመሩ። ዳዊት የሚገለብጥ ቁም ጸሐፊ ይመስሉ ነበር፤ ከብዕሩ ድምፅ በቀር የሚሰማ አልነበረም። ወንዱ ገጸ ባሕርይ ከልጅቱ የተላከለትን ደብዳቤ ሊቀድ እጁን ሲያነሣ፣ ሰፈሩ በአንድ አፍ «መጣ!» አለ። ጧፉ ጠፋ፤ ምዕራፉም እዚያው ላይ አበቃ።

ከዚያ ወዲህ መዝገብ ይዤ አመሳከርኩ። በአንድ ማታ አንድ ሰዓት ሲጠፋ አራት ገጽ፣ ሲያድር ምዕራፍ ሙሉ ይጻፋል። የቀደሙት መጻሕፍታቸውም ሲመረመሩ፣ ሃያስያን «ልብ አንጠልጣይ» እያሉ ያደነቋቸው የምዕራፍ መጨረሻዎች ሁሉ መብራት የመጣባቸው ሰዓቶች ሆነው ተገኙ። በየመቅድሙ ለእናታቸው፣ ለእኅታቸውና ለአራሚያቸው ምስጋና ቀርቧል፤ ጨለማውን ያመሰገነው የለም።

በየካቲት ግን ለሰፈራችን አዲስ ትራንስፎርመር ተተከለ። ሰፈርተኛው እልል አለ፤ በዋዜማው ደግሞ መብራት ለመጨረሻ ጊዜ ጠፍቶ ነበር፤ በዚያች ሌሊት ወንዱ ልጅ ከስንት ዓመት ስደት ተመልሶ በሩን አንኳኩቶ፣ ልጅቱም ከፍታለት፣ ሁለቱም እጃቸውን ዘርግተው ሊተቃቀፉ አንድ ስንዝር ሲቀራቸው «መጣ!» ተባለ። ከዚያ ወዲህ መብራት ቅንድቡን እንኳ አላርገበገበም። ይህ ሐተታ እስከ ተጻፈበት እስከ ግንቦት ድረስ ሁለቱ ፍቅረኞች እጃቸውን እንደ ዘረጉ በራፍ ላይ ቆመዋል፤ በታሪኩ ውስጥ ወሩ ነሐሴ ስለ ሆነም ዝናብ ይወርድባቸዋል።

ባለፈው ማክሰኞ በረካው ላይ ደራሲዋ ሲኒያቸውን አስቀምጠው በመስኮቱ ወደ ትራንስፎርመሩ ተመለከቱ።

«ጋሼ» አሉኝ፣ «ክረምቱ ደርሷል፤ ነጎድጓዱ ሲጀምር ይችለዋል ብለው ነው?»

በዚህ ጉዳይ ሊቃውንት የጻፉት ስላልነበረ፣ ሐተታውን እስከ ነሐሴ አራዝሜዋለሁ።